ኮሌታ የሆነው የራስ ፊልም

የካቲት 12

ለውድ የእኅቴ ልጅ፣

ካለሽበት ሰላምታዬ ይድረስሽ። ፈጣሪ ከሥራሽ በሰላም ያስገባሽ፣ የተኛሽበትም እንቅልፍ የረጋ ይሁን። እኔ ደኅና ነኝ። ጋሼሽም ሲያዩት ደኅና ነው። ልብስ መስፊያ ክፍሉ እንደ ድሮው በመንገዱ በኩል ይከፈታል።

ለምን አትደውዪም እንዳትዪኝ። ከልጄ ጋር አብራችሁ ስላደጋችሁ አነጋገራችሁ አንድ ነው፤ ድምፅሽን ስሰማ የልጄ ድምፅ ይመጣብኛል። በወረቀት ሲሆን ቀስ እላለሁ። ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆመ እጅ ነውና ፊደሌን ታገሺው።

ልጄን ከቀበርሁ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። የምጽፍልሽ ግን ስለ ጋሼሽ ነው። መርሳት አብዝቷል። ባለፈው ሳምንት ለሰፈራችን መምህር ኮት ሰፍቶ በሁለቱም በኩል የግራ እጅጌ ገጠመለት። መምህሩ መስታወት ፊት ቆሞ ራሱን አየና "በዚህ ኮት ማጨብጨብ እችል ይሆናል፣ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ግን አልችልም" አለ። ጋሼሽ ከልቡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ስፌቱን ፈትቼ አዲስ እጅጌ የቆረጥሁት እኔ ነኝ።

ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደግሞ ሁልጊዜ በሩን ይዞ ይቆምና "ቁልፌ አልመጣም እንዴ?" ይለኛል። ልጃችን በሕፃንነቱ የሸሚዝ ቁልፍ ከዋጠ ቀን ጀምሮ ያወጣለት ስም ነው፤ ሌላው ሁሉ ሲጠፋው ይህ አልጠፋውም። እኔም እመልስለታለሁ።

እውነቱን ልንገርሽ፤ አላምነውም። የሚረሳው መርሳት የሚፈልገውን ነው እላለሁ። ያ ስፌት ያስተማረው ሰው ያወረሰው ትልቅ መቀስ በጠፋ ጊዜ ልጄን በደንበኛ ፊት "ሌባ አሳድጌያለሁ" ያለው እሱ ነው። ልጄ ሜትሩን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረና ወጣ። ሌላ ከተማ ሄዶ የደንብ ልብስ ፋብሪካ ተቀጠረ፤ በስምንተኛው ወር የሠራተኞቹ አውቶቡስ ተገለበጠ። ይህን አንቺም ታውቂዋለሽ። ይህን ያደረገ ሰው እንዴት ይረሳል?

እዚያ በምትሠሪበት ሐኪም ቤት መርሳትን የሚያቆም መድኃኒት ካለ ላኪልኝ። እንዲያስታውስ እፈልጋለሁ።

አክስትሽ

የካቲት 29

ላሳደገችኝ አክስቴ፣

ጤናሽን ያብዛልኝ፣ ጉልበትሽን አያሳጣኝ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ ፊደልሽ ከእኔ ይሻላል።

አክስቴ፣ መድኃኒት በግምት አይላክም። የምሠራበትን ክፍል ነግሬሽ አላውቅም መሰለኝ። መስኮት የለውም። ሰውን ጠባብ አልጋ ላይ አስተኝቼ፣ አልጋውን ወደ አንድ ትልቅ ቀለበት አስገብቼ፣ ከመስታወት ጀርባ ሆኜ "አይንቀሳቀሱ" እላለሁ። ማሽኑ ጭንቅላቱን እንደ ዳቦ በስስ በስሱ እየቆረጠ ሥዕሉን ያወጣል። ቀኔን የማሳልፈው በሽማግሌና በአሮጊት ጭንቅላት ነው። የማነሣ እንጂ የማነብ አይደለሁም፤ ማንበብ የሐኪሙ ሥራ ነው። ቢሆንም ዓይን ይለምዳል።

መርሳት ብዙ አባት አለው። ከኀዘን ይመጣል፣ ከእንቅርት ይመጣል፣ ከደም ማነስ ይመጣል፣ ወድቆ ጭንቅላት ውስጥ ከረጋ ደምም ይመጣል። አንዳንዱ ይድናል። ስለዚህ ጋሼን መጀመሪያ ሐኪም ይያቸው፣ ደማቸው ይመርመር፣ ከዚያ ጭንቅላታቸው ይነሣ። ሌላ ነገር ደግሞ ትዝ አለኝ። ከአምስት ዓመት በፊት ታፔላ ሲሰቅሉ ከመሰላል ወድቀው ጭንቅላታቸው ተነሥቶ ነበር። ያን ፊልም ፈልጊው። አንድ ሥዕል ብቻውን ብዙ አይናገርም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያዩ ግን ምን እንደ ተለወጠ ይታያል።

መቀሱ በመጨረሻ ተገኘ እንዴ?

ልጅሽ

ሚያዝያ 4

ለልጄ፣

ያለሽበት አየር ይስማማሽ፤ የምታነሻቸውም ሰዎች ደኅና ሆነው ይነሡ።

ሐኪም ቤት ወሰድሁት። "ሐኪሙ ልብስ ሊያሰፋ ነው፣ ልኩን ውሰድልኝ ብሏል" ብዬ አታለልሁት። ሜትሩን ኪሱ ከቶ እንደ ልጅ ተከተለኝ።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ታጋሽ። "አባቴ፣ ዛሬ ቀኑ ስንት ነው?" አለው።

"ቀን የሚጠይቅ ልብሱ የቸኮለበት ሰው ነው። ለመቼ ይድረስልህ?" አለው ጋሼሽ።

ወረቀት ሰጥቶ "ሰዓት ይሣሉልኝ" አለው። ክቡን አሳምሮ አዞረው፤ ቁጥሮቹን ግን ሁሉንም በቀኝ በኩል አጨቃቸው። ግራው ባዶ ቀረ። ሐኪሙ ወረቀቱን ትኩር ብሎ ሲያይ "ምን ታፈጥበታለህ? ሰዓት ከፈለግህ ሰዓት ሠሪ ዘንድ ሂድ፣ እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ" አለው። ሦስት ቃላት አስይዞት ነበር፤ ወንበር፣ ሎሚ፣ ድልድይ። ትንሽ ቆይቶ ሲጠይቀው አንዱንም አላገኘም። ይልቅ "የግራ ትከሻህ ከቀኙ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል፤ ጥጥ አስገብቼ አስተካክልልሃለሁ" አለው። ሐኪሙ ትከሻውን ዳሰሰ። እውነትም ዝቅ ይላል።

ደሙ ንጹሕ ሆኖ ወጣ። ጭንቅላቱም ተነሣ። የነገርሽኝ ዓይነት ቀለበት ነው፤ እየገባ "ይህ እጅጌ ለማን ነው? ጠብቧል" ሲል ሰማሁት።

አሮጌውን ፊልም ግን ከአልጋ ሥር፣ ከቁም ሣጥን ጀርባ፣ ከየሻንጣው አጣሁት። እሱን ብጠይቀው "እኔ ፊልም አላይም" አለኝ። ተስፋ ቆርጬ ሱቅ ውስጥ ተቀመጥሁ። ከጠረጴዛው በላይ ባለው ምስማር ላይ የኮሌታ መቁረጫዎቹ ተሰቅለዋል፤ ጨርቅ ላይ አስቀምጦ በጠመኔ የሚዞርባቸው እነዚያ ጥቁር ልኮች። ከመንገድ የሚገባው ብርሃን አንዱን አሳልፎ አየሁት። ኮሌታው ውስጥ ጭንቅላት አለ! አወረድኋቸው። በሁሉም ውስጥ ትናንሽ ጭንቅላቶች ተደርድረዋል። ያ ፊልም ጠንካራ ነው፣ አይተጣጠፍም፣ ለልክ ይመቻል ብሎ የገዛ ራሱን ቆርጦ ኮሌታ አድርጎታል።

ሳቅሁ። ልጄን ከቀበርሁ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አፌን በእጄ ያዝሁ።

ልብስ እንደሚገጣጠም ጠረጴዛው ላይ ገጣጠምኋቸው። አምስት ቁራጭ ሆኑ፤ በአንዱ ጥግ የኪስ ልክ የምታህል አንዲት ቁራጭ ጎድላለች። አምስቱን ከአዲሱ ፊልም ቅጂ ጋር በዚህ ፖስታ ልኬልሻለሁ። መድኃኒቱን ተዪው። በሥዕሉ ላይ የሚታየውን ጻፊልኝ።

አክስትሽ

ሰኔ 10

ለአክስቴ፣

ቸር ያሰማሽ፤ ስላዘገየሁሽ አትቀየሚኝ። ሐኪማችን እረፍት ላይ ነበር። ሲመለስ ኮሌታዎቹን በብርሃን ሰሌዳው ላይ ደረደርሁለት። "ይህን በሽተኛ ማን ቆረጠው?" አለኝ። "ራሱ ነው፣ ጌታዬ" አልሁት። እንባው እስኪመጣ ሳቀ፤ ከዚያ መነጽሩን አድርጎ አንድ በአንድ ተመለከታቸው።

ስለ አዲሱ ሥዕል የነገረኝን በእኛ በልብስ ሰፊዎቹ ቋንቋ ልጻፍልሽ። ጨርቁ ታጥቦ ሲሰበሰብ ገበሩ ሰፊ ሆኖ ይቀር የለ? የጋሼ አንጎል እንደዚያ ሆኗል። አንጎሉ ተሰብስቧል፣ በመካከሉና በየእጥፋቱ ውኃ የሚይዘው ቦታ ሰፍቷል። ይህ በዕድሜ ለማንም ትንሽ ትንሽ ይመጣል። የጋሼ ግን ከዕድሜያቸው ይበልጣል። ከሁሉ የባሰው ይህ ነው፤ ከጆሮ ከፍ ብሎ በውስጥ በኩል፣ በግራና በቀኝ፣ ትንሽ ጣት የምታክል ክፍል አለች፤ ዛሬ የሰማነውን ለነገ የምትይዝልን እሷ ናት። የጋሼ ሁለቱም ቀጥነዋል። ሦስቱን ቃላት ያጡት፣ የኮት ትከሻ ግን ያላጡት ለዚህ ነው። የድሮው ሌላ ቦታ ተቀምጧል። የእጅ ሥራም እንዲሁ።

ያ ከአምስት ዓመት በፊት የተነሣው ፊልም እነዚያን ሁለት ትናንሽ ቦታዎች የሚያሳየው በጎደለችው ቁራጭ ላይ ነው። አምስቱ ኮሌታዎች የላይኛውን ብቻ ያሳያሉ። የኪሷን ልክ ካገኘሽ ላኪልኝ።

ስለ መቀሱ ጠይቄሽ ነበር። ምናልባት ደብዳቤው ረዝሞብሽ አልፈሽው ይሆናል።

ልጅሽ

ሐምሌ 1

ለእኅቴ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ዛሬ አጭር ነው የምጽፈው።

ቁራጯ የት እንዳለች አውቃለሁ። ልጄ ሲሄድ የኪሷን ልክ ከዕቃው ጋር ሲከት አይቻለሁ፤ ከፋብሪካው በመጣው ሻንጣው ውስጥ ናት። ሻንጣውን እስከ ዛሬ አልከፈትሁትም። የቁም ሣጥኑ አናት ላይ ነው፤ አቧራውን እጠርጋለሁ፣ መልሼ አስቀምጠዋለሁ። አትጠይቂኝ።

የምፈልገውን ግን በግልጽ ልንገርሽ። ያን ቀን ልጄን ሌባ ሲለው ጤነኛ ነበር ወይስ አልነበረም? ሌላው ሁሉ ለእኔ ትርፍ ነው። ጤነኛ ከነበረ ከእሱ ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር መኖር አልችልም። ወንድሜ "ነይ፣ አንድ ክፍል አለኝ" ብሎኛል። ለጋሼሽ የሚያበስልለት ሰው ፈልጌለት እሄዳለሁ። ልብሴን ማጠፍ ጀምሬያለሁ።

አክስትሽ

ሐምሌ 19

ለአክስቴ፣

ልብሽን ያረጋልኝ።

ሥዕል ያን ቀን ምን እንደ ሆነ አይነግርሽም። ሥዕል አንጎልን እንጂ ልብን አያነሣም፤ የሐኪሙ ቃል ነው። አርባ ዓመት የኖርሽበትን ትዳር በአንዲት ኪስ በምታህል ፊልም ላይ አትስቀዪው።

ግን ሳታውቂ ከመሄድ አውቀሽ መሄድ ይሻልሻል። ሻንጣውን ብቻሽን አትክፈቺው።

ልጅሽ

ነሐሴ 25

ለልጄ፣

እጅሽ አይታጠፍ፣ ዓይንሽ አይድከም።

ብቻሽን አትክፈቺው አልሽኝ፤ በዚህ ቤት ያለው ሌላ ሰው ማን ነው? ከእሱ ጋር ከፈትሁት። ከምሳ በኋላ ነበር፣ ሱቁ ውስጥ ማንም አልነበረም። ሻንጣውን መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። ዚፑ አልከፈት ብሎኝ ሲያይ ከጠመኔው አጠገብ ሻማ አንሥቶ ቀባውና በአንድ ጊዜ ሳበው።

ሁለት ሸሚዝ፣ አንድ ሹራብ፣ ሜትር፣ መላጫ። ከሥር በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ተቆርጦ ያልተሰፋ ሸሚዝ አገኘሁ። ጀርባው፣ ፊቱ፣ እጅጌው፣ ኪሱ አለ፤ ኮሌታ የለውም። በመካከሉ ያቺ ፊልም። ጥግዋ ላይ በልጄ እጅ "የአባዬ፣ አንገት 41" ተጽፏል። አየሽ፣ ሌባ ተብሎ ከወጣ በኋላ ለአባቱ ሸሚዝ ይቆርጥ ነበር። የኮሌታው ልክ ምስማሩ ላይ ስለቀረ አልጨረሰውም።

ጋሼሽ ጀርባውን በጣቱ ዳሰሰ። "ይህ የቁልፌ ቅድ ነው" አለ። "ወደ ግራ ሲዞር ይቸኩላል። ስንቴ ነገርሁት! የት አለ?"

አሁን ያላወራሁሽን ላውራሽ። ሱቁ ሲዘጋ "ቁልፌ አልመጣም?" ሲለኝ እመልስለታለሁ ብዬሽ ነበር። መልሴ "ሞቷል፣ አንተ ነህ ያባረርኸው" ነበር። ዓመት ሙሉ። በሰማ ቁጥር አዲስ ነው፤ በርጩማው ላይ ቁጭ ብሎ ሜትሩን ዓይኑ ላይ አድርጎ ያለቅሳል። ሲነጋ ረስቶታል። እኔ ደግሞ እንዲያለቅስልኝ ስለምፈልግ ደግሜ እነግረዋለሁ። ብቻዬን ማልቀስ ሰልችቶኝ ነበር።

ያን ቀን ግን ሸሚዙን እንደያዘ ሲጠይቀኝ አፌ እምቢ አለ። "ሥራ ላይ ነው" አልሁት።

ፊልሟን ልኬልሻለሁ። ጽሑፉን እንዳታጠፊብኝ።

አክስትሽ

ጥቅምት 22

ለአክስቴ፣

ፈጣሪ የምትሸከሚውን ያቅልልሽ።

ሐኪሙ የኪሷን ቁራጭና አዲሱን ፊልም ጎን ለጎን ሰቅሎ ብዙ ቆየ። ያለውን ሳልጨምር ሳልቀንስ ልጻፍልሽ። ከአምስት ዓመት በፊትም እነዚያ ሁለት ትናንሽ ቦታዎች በዚያ ዕድሜ ካለ ሰው ቀጠን ብለዋል። ጥቂት ነው። ያኔ ያየ ሐኪም የሚፈልገው የረጋ ደም ነበር፤ ደም ስለሌለ "ደኅና ነው" ብሎ አሰናበታቸው፤ አልተሳሳተም። ከዛሬው ጋር ሲያዩት ግን መንገዱ ያኔውኑ ተጀምሮ እንደ ነበር ይታያል። መቀሱ የጠፋው በመካከሉ ነው። "በዚያ ቀን እንዲህ ነበር ብዬ አልምልም" አለ። "ግን ዕቃውን ራሱ ደብቆ፣ መደበቁን ረስቶ፣ የቅርቡን ሰው ሌባ የሚል ሰው ብዙ አይቻለሁ። ብዙ ጊዜ ቤተሰብ በሽታውን መጀመሪያ የሚያየው እንዲያ ሆኖ ነው፤ ፀባይ ነው ብሎ ያልፈዋል።"

እኔም አልፌዋለሁ፣ አክስቴ። የዘገየሁት ሐኪሙን ስጠብቅ ብቻ አይደለም። ወንድሜ፣ ልጅሽ፣ ከቤት በወጣ ሳምንት ደውሎልኝ ነበር። "አባዬን ምን ነካው? አንቺ ጭንቅላት ታነሻለሽ፣ እስቲ ንገሪኝ" አለኝ። "ሽማግሌ ሁሉ ይነጫነጫል፣ ያልፍለታል" አልሁት። ቀኑን ሙሉ እንዲያ ያሉ ሰዎችን አስተኝቼ አነሣለሁ፤ የራሴ ሰው ሲሆን አላየሁትም። "ሐኪም አሳያቸው" ብዬው ቢሆን ምናልባት ሐኪም ቤት ሊወስዳቸው ይመለስ ነበር። ምናልባት። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

መሄድሽን ወሰንሽ?

ልጅሽ

ኅዳር 16

ለልጄ፣

እንባሽን ጥረጊ፤ እኔ የጠረግሁልሽ ያህል ይሁንልሽ። ሁለት ጊዜ ጠይቀሽኝ ሁለት ጊዜ የዘለልሁትን ልመልስልሽ።

መቀሱ ተገኝቷል። ያገኘሁት እኔ ነኝ። ባለቤቱ ሳይወስደው የቀረ አንድ ካፖርት ሱቁ ጥግ ተሰቅሎ ይኖር ነበር፤ ላራግፈው ሳነሣው ከበደኝ። መቀሱ በውስጥ ኪሱ ነበር፣ ጋሼሽ ራሱ በሚጠቀልልበት ጨርቅ ተጠቅልሎ። ልጄ ሊሞት ሦስት ሳምንት ሲቀረው ነው። ስልክ አንሥቼ "ተገኝቷል፣ ና" ማለት ነበረብኝ። አልደወልሁም። ጋሼሽ ራሱ አግኝቶት፣ ራሱ አፍሮ፣ ራሱ ይቅርታ እንዲል ፈለግሁ። መልሼ ካፖርቱ ውስጥ ከተትሁትና መጠበቅ ጀመርሁ። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ከዚያ በኋላ ማንን እንደምጠብቅ ጠፋኝ፤ መቀሱን ከካፖርቱ አውጥቼ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍሁት።

ስለዚህ አንቺ ስልኩን አንሥተሽ ነው ያልሆነ ነገር ያልሽው። እኔ አላነሣሁትም። ጥፋቱን ለሦስት ብናካፍለው ለጋሼሽ የሚደርሰው ትንሹ ነው፤ በሽተኛው እሱ ነውና።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ሱቁን ሊዘጋ ሲል በሩን ይዞ "ቁልፌ አልመጣም እንዴ?" አለኝ። መቀሱን አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አኖርሁት። አየው። አንሥቶ ጆሮው አጠገብ ከፈት ዘጋ አደረገው።

"ማን አገኘው?" አለኝ።

"እኔ።"

"ለልጁ ነግረሽዋል?"

"አልነገርሁትም።"

"ምን ዓይነት ሴት ነሽ!" አለ ተቆጥቶ። "እኔ እኮ ሰው ፊት ሌባ ብዬዋለሁ። ጥሪው እንጂ! አባትህ ተሳስቷል በይው። ተሳስቻለሁ በይልኝ።"

ሁለት ዓመት የጠበቅሁት ቃል ነው። መጣ። የሚደርስበት ሰው የለም፤ ግን መጣ። "እነግረዋለሁ" አልሁት። በርጩማው ላይ ተቀመጥሁ፤ በዚያ ቀን ያለቀስሁት እኔ ነኝ። እሱ መቀሱን ዘይት ይቀባ ነበር። ትንሽ ቆይቶ ምን እንደሚያስለቅሰኝ ጠየቀኝ፤ ረስቶታል።

አሁን "ቁልፌ አልመጣም እንዴ?" ሲለኝ "ነግሬዋለሁ፣ ምንም አይደለም ብሏል" እለዋለሁ። "ጥሩ ልጅ ነው" ይልና በሩን ይዘጋል። ለወንድሜ "ክፍሉን አከራየው" ብዬዋለሁ። የታጠፈውን ልብሴን መልሼ ሰቅያለሁ።

አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ያን ሸሚዝ ጋሼሽ እየሰፋው ነው። የማን እንደ ሆነ በየቀኑ ይጠይቃል፣ አንገቱ 41 ነው ሲሉት "እንደ እኔ ነዋ!" ብሎ ይገረማል። እጁ አልረሳም፤ እጅጌዎቹን ግራና ቀኝ ለይቼ ስሰጠው ቀጥ አድርጎ ይገጥማል። የቀረው ኮሌታው ነው። ልኮቹ ደግሞ አንቺ ዘንድ ናቸው። ምስማሩን ባዶ ባየ ቁጥር ይፈልጋቸዋል። ትናንት መምህሩ ቁልፍ ሊያስተክል መጥቶ ሳለ በሰው ፊት ጣቱን ቀስሮ "የኮሌታ ልኮቼን የወሰደች እሷ ናት! ከሌባ ጋር ነው የኖርሁት" አለኝ። መምህሩ አፍሮ ወለል ወለሉን አየ።

"እውነቱን ነው፣ መምህር፣ እኔ ነኝ የወሰድኋቸው" አልሁ።

ጋሼሽ "አላልሁህም?" ብሎ እንዴት ደስ እንዳለው ብታዪ። ዓመት ሙሉ ትክክል ሆኖ አያውቅም ነበር።

ስለዚህ፣ ልጄ፣ ሐኪማችሁ ዓይቶ ከጨረሰ ኮሌታዎቹን መልሺልኝ። የኪሷን በወረቀት ጠቅልያት። መንገዱ ይቅናሽ፣ ፖስታውም ሳይጠፋ ይድረሰኝ። እስኪደርስ ድረስ ሌባዋ እኔ ነኝ፤ ግድ የለም፣ እችለዋለሁ።

አክስትሽ